በአደራ የተቀመጠ ግጥም

ምልልሱ የሚካሄደው አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ ባለች ጠባብ የመጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ነው። ሻጩ ስድሳን የተሻገሩ፣ መሬት ላይ የተቆለለውን መጽሐፍ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ገጣሚዋ ቀን ቀን የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ታስተምራለች። ስም የላቸውም፤ እዚህ ያገናኘኋቸውም እኔ ነኝ። የሚሉትን ግን በዚያ ሰፈር መጽሐፍ ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ሁሉ በቁርጥራጭ ሰምቶታል። ዓርብ ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ።

ገጣሚዋ፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ?

ሻጩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ቦርሳሽ ከብዷል፤ ፈተና ነው መጽሐፍ?

ገጣሚዋ፦ ሁለቱም። ከላይ የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀት፣ ከሥር መጽሐፌ። ያለፈው አልቆ ከሆነ ልጨምርልዎት ብዬ ነው።

ሻጩ፦ አልቆ ከሆነ! ይኸውልሽ ደብተሩ፤ ሦስት ሄዷል። አንዱን የወሰደው የአክስቷ ልጅ ነኝ ያለ ነው።

ገጣሚዋ፦ ቅናሽ ሳይጠይቅ?

ሻጩ፦ ጠየቀ እንጂ። «ዘመድ ከሆንክ ጨምረህ ክፈል» አልኩት። ያንቺ ድርሻ ተቀምጧል፣ የእኔን ቀንሻለሁ። አስቀምጥ ከተባልኩ አስቀምጣለሁ፤ በአደራ የገባ መጽሐፍ ምግብ አይበላም። ቦታ ይበላል እንጂ።

ገጣሚዋ፦ እዚያ ጥግ ቢሆንም ግድ የለኝም።

ሻጩ፦ ጥግማ የግጥም ሁሉ ቦታ ነው። እስቲ ቁጭ በይ፤ የግጥም ደንበኛ መጽሐፍ እንዴት እንደሚያነሣ ላሳይሽ። ልቦለድ የሚገዛ ሰው የጀርባውን ጽሑፍ ያነባል፣ የገጹን ብዛት ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል። የግጥም ደንበኛ ከኋላ ይጀምራል። በአውራ ጣቱ እንዲህ ያንፈረፍረውና አጭሯ ላይ ያቆማል። አራት መስመር ከሆነች እዚያው ቆሞ ይጨርሳታል። ካማረችው ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ያነሣታል፣ መጽሐፉን መልሶ ያስቀምጣል። አንዱን «ወንድሜ፣ ቆርሰህ ነው እንዴ የምትሄደው?» ብለው «ቴሌግራም ላይ ላወጣት ነው አባባ፣ ማስታወቂያ እየሠራሁላት ነው» አለኝ።

ገጣሚዋ፦ የማንን ነበር?

ሻጩ፦ ያንቺን አይደለም፤ ያንቺ ግጥም ረዥም ነው፣ በአንድ ፎቶ አይገባም።

(ይህን ሲሉ እንደ ወቀሳም እንደ ሙገሳም ነበር። ገጣሚዋ እንደ ሙገሳ ወሰደችው።)

ሻጩ፦ ይልቅ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ የከረመ ነገር አለ። ያቺ የቤት ኪራይ ግጥም የት ሄደች?

ገጣሚዋ፦ የቷ?

ሻጩ፦ አታውቂያትም! ሁለት ወጣቶች መጥተው «መድረክ ላይ የሰማናት ግጥም ያለችበትን ስጠን» አሉኝ። አንደኛው እዚሁ ቆሞ በቃሉ ወጣት፤

ኪራዩ ጨመረ፣ ደሞዝ አይበቃኝም፤
ግጥሜ ቤት ይመታል፣ እኔ ቤት የለኝም።

እኔም ሳቅሁ። መጽሐፍሽን ከዳር እስከ ዳር ገለበጡት። ማውጫው ላይ «አከራዬ» የሚል አገኙ፣ አነበቡት፣ ሁለቱ ስንኞች የሉም። ትተውት ሄዱ። ሁለት መጽሐፍ ነው ያስቀረሽብኝ።

ገጣሚዋ፦ አውጥቻቸው ነው።

ሻጩ፦ ማን አውጪ አለሽ? ሳንሱር ቀረ ብለን ነበር!

ገጣሚዋ፦ ማንም አላለኝም። ግጥሙ ሠላሳ ምናምን ስንኝ ነው፤ ስለ አንዲት አከራይ ነው። ሌሊት አምፖል በርቶ ካየች ቆጣሪ የምታጠፋ፣ ቡና ስታፈላ ግን በረካውን ሳልጠጣ የማትለቀኝ ሴትዮ ናት። ልጇ ቤይሩት ትሠራለች። የሴትዮዋ ስልክ ያችው ባለቁልፏ ናት፤ ስለዚህ ልጅቷ ድምፅ የምትልከው በእኔ ስልክ ነው። ማታ ማታ በሬን አንኳኩታ ትገባለች፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማለች። ሁለቴ ታሰማኝና «ደክሟታል አይደል?» ትለኛለች። ኪራዩን የጨመረችብኝ ልጅቷ ብር መላክ ያቆመች ወር ነው። ግጥሙ ያ ነው ጋሼ።

ሻጩ፦ እና ሁለቱ ስንኞች ምን በደሉ?

ገጣሚዋ፦ መድረክ ላይ ሳነበው ቤይሩት ላይ ስደርስ ሰው ፀጥ ይላል። እኔም ይሰማኛል፣ አዳራሹ ሁሉ አብሮኝ ስልኩን ይዟል። ከዚያ ሁለቱ ስንኞች ይመጡና ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል። ሲወጡ የሚይዙት እነሱን ነው። ስለ ሴትዮዋ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። አንዷ እንዲያውም አቅፋኝ «አከራይ ሲባል ጨካኝ ነው፣ ልክ ነገርሽልን» አለችኝ። እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?

ሻጩ፦ ስንኞቹ ግን ጥሩ ናቸው።

ገጣሚዋ፦ ቀላል ናቸው። ቤት የሚመታ ግጥምና ቤት የሌለው ገጣሚ፣ አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ሁሉ ሳይለፋ የሚያገኛት ነገር ናት። ቀድሞ ያገኛት ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም። ሰው የሚያጨበጭበው የሚያውቀውን ነገር ሳይጠብቀው ስላገኘው ነው። ሴትዮዋን ግን አያውቋትም ነበር፤ ሊያውቋት ሲሉ እኔው ራሴ ከመድረክ አስወጣኋት።

ሻጩ፦ ልጄ፣ የእኛ ሰው ሰምና ወርቅ ወዳድ ነው። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ያልቅ የለም እንዴ? እኔ ልጅ ሆኜ ጎጃም ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ቅኔ ሲዘረፍ ሰምቻለሁ። ደብተራው ሲጨርስ «ይበል!» ተብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ይደምቃል። ያስ ጭብጨባ አይደለም?

ገጣሚዋ፦ «ይበል» ያለው ሰው የሰማውን መፍታት ይችላል፤ ሰሙን ለይቶ ወርቁን ያሳይዎታል። ተማሪ ከሆነም መምህሩ «እስቲ ተርጉመው» ይለዋል። የእኔ ታዳሚ ሴትዮዋን ይተርጉምልኝ፣ እኔም «ይበል» ማለቱን እቀበላለሁ። ደግሞም ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት የሆነው ሁለት ቤት ሆኖ ስለተቆጠረ ነው። ሠላሳ ስንኝ ጽፎ ሁለቷን ብቻ እንዲሰሙ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ሻጩ፦ እና መድረክ ይቅር ትያለሽ?

ገጣሚዋ፦ አልልም። ያለ መድረክ ማን ያውቀኝ ነበር? በ2003 ዓ.ም. ገደማ ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲጀመር እኔ ተማሪ ነበርኩ። ረቡዕ ማታ ከኋላ ቆመን ነበር የምንሰማው፤ ወንበር አይገኝም። ግጥም ሊሰማ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አለ ማለት ራሱ ለእኔ ዜና ነበር። ሳክስፎኑ ስንኙን እየጠበቀ ሲገባ፣ መሐል ላይ ወግ ሲነበብ፣ ዲስኩር ሲደረግ... እኔ መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ ስመለስ ነው። የምፈራው የለመድኩትን ነው። ያቺ የኪራይ ግጥም ከተጨበጨበላት በኋላ የጻፍኳቸውን ሳያቸው ሁሉም ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች የሚሮጡ ናቸው። መሐሉ መንገድ ብቻ ሆኗል። ግማሾቹን ቀድጃቸዋለሁ።

ሻጩ፦ ይኸው፣ ለዚህ ነው የማትሸጪው። ሌሎቹ ገጣሚዎች ምረቃቸው ላይ ስንት ይሸጣሉ መሰለሽ።

ገጣሚዋ፦ ምረቃማ እኔም ሸጫለሁ። ወመዘክር አዳራሽ አልነበሩም እንዴ?

ሻጩ፦ ነበርኩ፤ በር ላይ የቆምኩት እኔ አይደለሁ? የሸጥሽው ለትምህርት ቤትሽ መምህራን፣ ለእድራችሁ ሰዎችና ለገጣሚዎች ነው። አንዷ እናት አምስት መቶ ብር ሰጥታ «መልሱ ይቅር» ብላ ሄደች፤ መጽሐፉን ግን ወንበሩ ላይ ረስታው ነው የሄደች።

ገጣሚዋ፦ የጎረቤቴ እናት ናቸው። ማንበብ አይችሉም።

ሻጩ፦ እንግዲህ። ገጣሚው የገጣሚውን የሚገዛው ደግሞ በሚቀጥለው ወር የእሱ ምረቃ ስላለ ነው። እቁብ ነው እኮ! ዕጣው የደረሰው ይወስዳል፣ የቀረው ይጥላል። ከውጭ የገባ ገንዘብ የለም።

ገጣሚዋ፦ ልክ ነዎት፤ እቁብ ነው። ግን እቁብ ባይኖር ማተሚያ ቤቱን ማን ይከፍለው ነበር? አሳታሚ ጋ ስሄድ «ግጥም ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ወረቀቱን የምገዛ እኔ፣ ለሽፋን ሠዓሊ የምለምን እኔ፣ እርማቱን ሌሊት የማነብ እኔ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ሒሳቡን ሲነግረኝ ወረቀት ከውጭ ነው፣ ቀለም ከውጭ ነው፣ ዶላር ጨምሯል፤ ከውጭ ያልመጣው ግጥሙ ብቻ ነው። ግማሹን ቅድሚያ ከፍዬ ግማሹን ከምረቃው ማግስት ነው የከፈልኩት። ያ እቁብ ከሌለ መጽሐፉ የለም።

ሻጩ፦ በኩራዝ አሳታሚ ዘመን ይሻል ነበር እንዳልል ሳንሱሩ ነበር። ግን ያኔ ደራሲው ረቂቁን አስረክቦ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው። ያንቺን የመሰለ ሸክም ተሸክሞ እኔ ጋ የሚመጣ አልነበረም።

ገጣሚዋ፦ እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። ያሉንን ገጣሚዎች ሁሉ እዚህ ደርድረዋቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ በግጥም ብቻ እንጀራ የበላ ያሳዩኝ።

ሻጩ፦ (ወደ መደርደሪያው ዞር ብለው) ጸጋዬ... ቴያትሩ አለ። ደበበ ሰይፉ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። መንግሥቱ ለማም እንዲሁ። ሰሎሞን ዴሬሳ ጋዜጠኛ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊ፣ የሥነ ጥበብ መምህር።

ገጣሚዋ፦ የገብረ ክርስቶስ ግጥሞች «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው መቼ ታተሙ?

ሻጩ፦ በ1998። እሱ አሜሪካ ያረፈው በ1973 ነው። አሁን ግን ይሸጣል! በሞተ በሩብ ምዕተ ዓመቱ የታተመ መጽሐፍ፣ ገብቶ አይውል አያድር። አንቺም ትንሽ ብትታገሺ...

ገጣሚዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

ሻጩ፦ ቀልዴን ነው።

ገጣሚዋ፦ ቀልድዎን አውቃለሁ። የእኔ ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሥራዬ ለግጥሜ ጠላት ነው ሲሉኝ አልቀበልም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ስንኝ የምቆጥረው እዚያ ነው፤ በአውራ ጣቴ ጣቶቼን እየነካሁ ስድስት ከስድስት። ከኋላዬ ያለችው ሴት ጸሎት የማደርስ መስሏት ዝም ትለኛለች። ክፍል ስገባ ስልሳ ልጅ ይጠብቀኛል። «ቤታችን» በሚል ርዕስ ድርሰት አዝዤ አንዱ ልጅ ምን ጻፈ መሰለዎት? «አባቴ ሲመጣ ውሻችን ዝም ይላል።»

ሻጩ፦ ኧረ!

ገጣሚዋ፦ ፊደል ገድፎ፣ ነጥብ ሳያደርግ። ደብተሬ ላይ ገለበጥኳት። ማታውን ሙሉ ከዚያ ጋር ምን ሊሄድ ይችላል እያልኩ አደርኩ። በነጋታው ልጁን ጠርቼ ስለ አባቱ ጠየቅሁት። ከነገረኝ በኋላ ስንኟን ግጥም ውስጥ ላስገባት አልቻልኩም። እስካሁን ደብተሬ ውስጥ ብቻዋን አለች። አልተውኳትም፣ አልተጠቀምኩባትም። እና ይቺን የመሰለች ዓረፍተ ነገር የት ካፌ ቁጭ ብዬ ነው የማገኛት?

ሻጩ፦ ደሞዙስ?

ገጣሚዋ፦ ደሞዙ ለኪራይና ለትራንስፖርት ነው። ለዚህ ነው በትዕዛዝም የምጽፈው። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለጡረታ መሸኛ።

ሻጩ፦ ሰምቻለሁ። ለአንድ ድርጅት የምሥረታ በዓል ገጥመሻል አሉ። ወዳጆችሽ ሲያሙሽ ነበር፤ እዚሁ ቆመው።

ገጣሚዋ፦ ይሙ። ገጥሜአለሁ። ኃላፊው ረቂቁን አይቶ «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ትርፋማነታችን አልተነሣም» አለኝ። ወረቀቱ ላይም ጻፈው፦ ትርፋማነታችን። ወደ ቤት ስሄድ ሳቄ መጣ። ትር-ፋ-ማ-ነ-ታ-ችን፤ ስድስት ቀለም ነው! የወል ቤት ግማሽ ስንኝ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ። ሌላውን ስድስት ቀለም ማግኘት ነበር የቀረኝ፣ አገኘሁ። ከፈሉኝ፤ የሁለት ወር ኪራይ ሆነኝ።

ሻጩ፦ አላፈርሽም?

ገጣሚዋ፦ በምን? ዮፍታሔ ንጉሤ ለትምህርት ቤትና ለመድረክ ሲጽፍ ቀን ተቆርጦለት፣ ተዋናይ እየጠበቀው አልነበረም? ይልማ ገብረአብ ለስንቱ ድምፃዊ ጻፈ፤ ዓለምፀሐይ ወዳጆስ? እሷ ለዘፈን ስትጽፍ የዜማውን ልክ እየለካች ነው። ዋሽንግተን ሄዳ ጣይቱ የባህል ማዕከልን ስታቋቁም ያው እጅ ነው የሠራው። የትዕዛዝ ግጥም ልክ ያስተምራል፦ ይህን ያህል ቀለም፣ ይህን ያህል ቀን፣ ይህን የሚሰማ ሰው። ሲያልቅ ያልቃል። ድርጅቱ ከፍሎኛል፤ ሌሊት መጥቶ «እንደገና እንደዚያ ጻፊ» አይለኝም። ጭብጨባው ነው የሚመላለሰው።

ሻጩ፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ አልስማማም። ጭብጨባን እንዲህ አታዋርጂው። አንቺ አልደረስሽበትም። በ1953 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» ብሎ ሲያነብ ምን ሆነ? በ1959 ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው፣ «በረከተ መርገም»ን ሲያነብስ? ታላቅ ወንድሜ ተማሪ ነበር፤ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ ይል ነበር። ግጥሙ በእጅ እየተገለበጠ ከሰው ሰው ዞረ። ያ ጭብጨባ ግጥም ያበላሸ ነበር?

ገጣሚዋ፦ አልነበረም።

ሻጩ፦ እንግዲያው?

(እዚህ ላይ ገጣሚዋ ዝም አለች። ክርክሩን የተሸነፈች መስሎኝ ነበር፤ ሻጩም መስሏቸው ሒሳብ ደብተራቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ዘርግተዋል።)

ገጣሚዋ፦ አንደኛ፣ «በረከተ መርገም» ረዥም ነው። ያንን ሁሉ እርግማን ለመከተል ሰው መቀመጥ አለበት። መጨረሻው ላይ ያለችውን ሁለት ስንኝ ብቻ ጠብቆ የሚሰማው ግጥም አይደለም። ሁለተኛ፣ ያኔ ያጨበጨበ ሰው ማጨብጨቡ ያስከፍለው ነበር። ማን እንዳጨበጨበ የሚጽፍ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ገጣሚውማ ምን እንደከፈለ ያውቃሉ፤ ገሞራው ስዊድን በስደት ኖሮ እዚያው አረፈ። የእኔ ታዳሚ ምን ይከፍላል? በኪራይ የተማረረ ሰው ኪራይ ላይ ሲሳቅ ያጨበጭባል፤ አከራዮቹም አዳራሹ ውስጥ አብረው ያጨበጭባሉ። ማንም አልተነካም። ነክቼው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ።

ሻጩ፦ እም። አከራይሽ ግጥሙን ሰምታዋለች?

ገጣሚዋ፦ አንብቤላታለሁ። ያለ ሁለቱ ስንኞች።

ሻጩ፦ ምን አለች?

ገጣሚዋ፦ «ቆጣሪ ማጥፋቴን ለምን ጻፍሽው?» አለችኝ። ከዚያ ቤይሩቱ ላይ ስደርስ «ድምጿን እንዴት ብለሽ ጻፍሽው፣ እስቲ ድገሚው» አለች። ደገምኩት። ኪራዩን ግን አልቀነሰችም።

ሻጩ፦ (እየሳቁ) ይቺን ንገሪኝ እንጂ! ይቺን ነው መድረክ ላይ መናገር።

ገጣሚዋ፦ ይኸው፣ እርስዎም ሊያስጨበጭቡኝ ነው።

ሻጩ፦ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ማታ ማታ ዝግጅቱ ሳያልቅ ተነሥተሽ ትወጫለሽ። ሰዎቹ ኩራት ነው ይላሉ።

ገጣሚዋ፦ ኩራት! ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ወደ ሰፈሬ ታክሲ የለም። ራይድ ልጥራ ካልኩ አንድ መድረክ የሰጠኝ አበል መንገዱን አልሸፈነልኝም፤ ከኪሴ ጨምሬ ነው ቤቴ የገባሁት። ወንዶቹ ከዝግጅቱ በኋላ አንድ ቦታ ቁጭ ይላሉ። ማን በሚቀጥለው ወር እንደሚያነብ፣ የማን መጽሐፍ ላይ ማን ዳሰሳ እንደሚያቀርብ የሚወሰነው እዚያ ነው። ስብሰባ ሆኖ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ግን እዚያ ያልተቀመጠ ስሙ አይነሣም። እኔና አንዲት ጓደኛዬ ለዚህ ነው ቅዳሜን የጀመርነው።

ሻጩ፦ ቅዳሜ ምንድን ነው?

ገጣሚዋ፦ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ስድስት ሰባት ሆነን እንገናኛለን። አንዷ ነርስ ናት፣ ከአዳር ተረኝነት ወጥታ ነው የምትመጣው፤ እየሰማች እንቅልፍ ይወስዳታል። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው። አንድ ከቅኔ ቤት የወጣ ዲያቆን አለ፤ እሱ ቀለም ሲጎድል ፊቱን ያጨማድዳል፣ ሳይናገር እናውቃለን። አንድ ሰው አንድ ግጥም ያነባል፣ ሁለተኛ ደግሞ ሌላ ሰው ያንኑ ግጥም ያነበዋል።

ሻጩ፦ ለምን ሌላ ሰው?

ገጣሚዋ፦ ራሴ ሳነበው በድምፄ እደግፈዋለሁ። የደከመውን ሐረግ ጮክ ብዬ አሳልፈዋለሁ፣ ያልጠራውን ቀስ ብዬ ወርቅ አስመስለዋለሁ። ነርሷ በተኛ ድምፅ ስታነበው ግን የደከመው እንደደከመ ይሰማል። «አከራዬ»ን ያነበበችው እሷ ናት። ሁለቱ ስንኞች ላይ ደርሳ ሳትስቅ፣ ሳታቆም፣ እንደ ሌላው ስንኝ አለፈቻቸው። ያኔ ነው የማያስፈልጉ መሆናቸውን የሰማሁት። ዲያቆኑም «ከዚህ በፊት አልቋል እኮ» አለ።

ሻጩ፦ የት ላይ?

ገጣሚዋ፦ «ደክሟታል አይደል?» የምትለው ላይ።

(ሻጩ ከቁልሉ አንዱን ቅጂ ስበው አወጡ። ከኋላ አልጀመሩም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ መጽሐፉን ወደ አይናቸው አስጠግተው፣ ገጹን ፈልገው ማንበብ ያዙ። አንድ ደንበኛ መጥቶ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ማጣቀሻ ጠየቀ፤ ቀና ሳይሉ በእጃቸው ቦታውን አሳዩት። ልጁ ራሱ አወጣው።)

ሻጩ፦ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከመጽሐፉ ውስጥ አውጥተሻታል፣ መልካም። በሚቀጥለው እትም የጀርባ ሽፋኑ ላይ አድርጊያት። ፎቶ የሚያነሣው ያንሣ፤ ውስጡ ንጹሕ ይሁን። እኔም እሸጣለሁ።

ገጣሚዋ፦ ጀርባው ላይ ያያት ሰው ውስጥም ይፈልጋታል። አጥቶ ይመልስልዎታል።

ሻጩ፦ ገዝቶ ከሄደ በኋላ አልቀበልም።

ገጣሚዋ፦ ጋሼ!

ሻጩ፦ ንግድ ነው ልጄ። እሺ፣ ጀርባው ላይ ምን ይሁን?

ገጣሚዋ፦ ቤይሩቱ ይሁን። አልጋዬ ጫፍ ላይ ከምትቀመጥበት እስከ «ደክሟታል አይደል?»። ስምንት ስንኝ ነው።

ሻጩ፦ ስምንት ስንኝ በአንድ ፎቶ ይገባል። ይሁን፤ ግን ሁለተኛ እትም የሚባለው እንዲመጣ መጀመሪያ ይሄኛው ይለቅ። አምስቱን ብቻ ተይልኝ፣ የቀረውን ተሸከሚው። የሦስቱን ሒሳብ እንኪ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ።

ገጣሚዋ፦ በመምህር ፊርማ ነው በገጣሚ?

ሻጩ፦ በሚነበበው። ደግሞ ያ ቅዳሜ የምትሉት... እኔ ብመጣ ያስጠላል?

ገጣሚዋ፦ ለምን ያስጠላል፣ ይምጡ እንጂ። ማጨብጨብ ግን ክልክል ነው።

ሻጩ፦ ማሳልስ?

ገጣሚዋ፦ ማሳል ይቻላል። መጽሐፍ ይዘው እንዳይመጡ ብቻ፤ ወሩ እስኪያልቅ የሚገዛዎት የለም።